ጅማ ላይ ካራቫን ለሚጎትት ሰው የትኛው ፒካፕ ይሻላል?

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ለቀማ ወቅት ከጅማ ተነስቶ በአጋሮ፣ በጌራና በሊሙ አቅጣጫ ከአንዱ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ባለሙያ ከሁሉ በፊት የሚቸገረው በማደሪያ ነው። ናሙና የሚቆላበት፣ የቡናው እርጥበት የሚለካበትና ሌሊቱን የሚያርፍበት ንጹሕ ክፍል በየጣቢያው አይገኝም፤ በየቀኑ ወደ ከተማ መመለስም ጊዜውንም ናፍጣውንም ይበላል። እኔና ባልደረቦቼ ለዚህ ችግር ያገኘነው መፍትሔ በፒካፕ የሚጎተት ባለ አንድ አክስል ካራቫን ነው። ባዶውን 1,100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሲሆን፣ 100 ሊትር ውሃ፣ ባትሪ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ፍራሽና የናሙና መቁያ ሲጫንበት ወደ 1,500 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህንኑ ካራቫን ባለ 2.4 ሊትር ሞተር በሆነ ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና፣ ባለ 3.0 ሊትር በሆነ አይሱዙ ዲ-ማክስ እና ባለ 4.2 ሊትር በሆነ ቶዮታ ላንድክሩዘር 79 እያፈራረቅን ጎትተናል። ሦስቱም ማኑዋል ካምቢዮ ያላቸው የናፍጣ መኪኖች ናቸው። ከዚህ በታች የሦስቱን ግምገማ፣ ከዚያም በላይ ምርጫው በምን ሚዛን መታየት እንዳለበት ያለኝን ጽኑ እምነት አቀርባለሁ።

ፒካፕ የሚሸጥ ሰው አስቀድሞ የሚጠራው ቁጥር 3,500 ኪሎ ግራም ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት አንድ ቶን ጫኝ ፒካፖች ብዙዎቹ፣ ተጎታቹ የራሱ ፍሬን እስካለው ድረስ፣ እስከዚህ መጠን ወይም ከዚህ ጥቂት ዝቅ እስካለው ድረስ እንዲጎትቱ አምራቾቻቸው ይፈቅዱላቸዋል፤ ተጎታቹ ፍሬን ከሌለው ግን ጣሪያው በተለምዶ 750 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ብቻውን ሲነገር ገዢውን ያሳስታል። አምራቹ ከመጎተት አቅም ሌላ ሁለት ገደቦችን ያስቀምጣልና። አንደኛው ፒካፑ ራሱ ከነጭነቱ ሊመዝን የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ሲሆን፣ ሁለተኛው ፒካፑና ተጎታቹ በአንድነት ሊመዝኑ የሚችሉት ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 ለአውስትራሊያ ገበያ የቀረበው ባለ 2.8 ሊትር አውቶማቲክ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና 3,500 ኪሎ ግራም እንዲጎትት ሲፈቀድለት፣ የጋራው ክብደት ከ5,850 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኖበት ነበር። ስለዚህ ሙሉውን 3,500 ለሚጎትት ሰው ለፒካፑ የሚቀርለት 2,350 ኪሎ ግራም ነው። መኪናው ባዶውን ከ2,000 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ ለሾፌሩ፣ ለተሳፋሪዎቹና ከኋላ ለሚጫነው ዕቃ የሚተርፈው ከ300 ኪሎ ግራም ያነሰ ነው። አራት ጎልማሶች ከነሻንጣቸው ሲገቡ ያ ትርፍ ያልቃል፤ በእኛ ሥራ ግን ከሰዎቹ ሌላ የናሙና ጆንያዎች፣ ጄኔሬተርና ተጨማሪ ጎማ መጫን ግዴታ ነው።

ከጠቅላላው ክብደት ቀጥሎ ሊታሰብበት የሚገባው ተጎታቹ በመጋጠሚያው ላይ ቁልቁል የሚጥለው ክብደት ነው። ይህ ክብደት ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 ቢሆን ይመረጣል፤ ለእኛ ካራቫን ቢያንስ 150 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ካነሰ ካራቫኑ በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ከበዛ ደግሞ የፒካፑ ኋላ ይሰምጣል፣ ፊቱ ይነሳል፣ መሪው ይቀልላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። መጋጠሚያው የሚገኘው ከኋላ አክስሉ ውጭ ስለሆነ ክብደቱ እንደ ሚዛን ዘንግ ይሠራል። የሃይሉክስ የፊትና የኋላ አክስሎች ርቀት 3.085 ሜትር ነው፤ መጋጠሚያው ከኋላ አክስሉ 1.2 ሜትር ያህል ወጥቶ ከተሠራ፣ የ150 ኪሎ ግራሙ ጫና በኋላ አክስሉ ላይ ወደ 208 ኪሎ ግራም ሆኖ ያርፋል፤ ትርፉ 58 ኪሎ ግራም የሚመጣው ከፊት ጎማዎች ላይ ተቀንሶ ነው። የፊት ጎማዎች ደግሞ መሪውንም አብዛኛውን የፍሬን ሥራም የሚሸከሙ ናቸው። ይህን ክብደት ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጅማ ውስጥ ቡና የሚረከብ ነጋዴ ሁሉ የመሬት ሚዛን አለው። ካራቫኑን በደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ፣ የመጋጠሚያውን ምሰሶ በሚዛኑ ላይ ማሳረፍ በቂ ነው። ከዚያ የውሃውን ታንከርና ባትሪውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በማሸጋሸግ የሚፈለገው ልክ ላይ ይደረሳል። ከጉዞ በፊት ይህን ማድረግ ማንም ሰው ሊዘለው የማይገባ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ዋናው ፈተና ልግባ። ከአዲስ አበባ ጅማ ያለው ርቀት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጉዞውን የሚወስነው በወልቂጤና በአበልቲ መካከል ያለው የግቤ በረሃ ነው። ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ድልድዩ ያለበት ሸለቆ ግን ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል። ከዚያ በሌላው ወገን ያው ከፍታ እንደገና ይወጣል። ፒካፑና ካራቫኑ በድምሩ 4,000 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በዚህ የ800 ሜትር ቁልቁለት ውስጥ መዋጥ ያለበት ኃይል 31 ሚሊዮን ጁል ይሆናል፤ ይህም ከ90 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ውስጥ የአየሩ ግፊትና ሞተሩ የማይወስዱት በሙሉ የሚያርፈው በፍሬን ሸራዎች፣ በዲስኮችና በታምቡሮች ላይ ነው። ፍሬን ከልክ በላይ ሲግል ፔዳሉ ይረገጣል እንጂ መኪናው እንደ ቀድሞው አይያዝም፤ የፍሬን ዘይቱ አሮጌና እርጥበት የገባበት ከሆነ ደግሞ ፈልቶ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል። ስለዚህ ፒካፕ ሲመረጥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ዳገቱን ስንት ኪሎ ሜትር በሰዓት ይወጣል ሳይሆን ቁልቁለቱን ፍሬን ሳይረገጥ በምን ያህል እርጋታ ይወርዳል የሚለው ነው። ቀስ ብሎ የሚወጣ መኪና የሚያመጣው መዘግየት ነው፤ መያዝ የማይችል መኪና የሚያመጣው ግን በሸለቆው ዳር በየጊዜው የምናየው ነው።

በዚህ መለኪያ ሦስቱ መኪኖች ጎልተው ይለያያሉ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር አየር የሚያንቀው ክዳን በመግቢያው ላይ ስለሌለው፣ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ሲነሳ ብቻውን የመያዝ ኃይሉ ደካማ ነው፤ የሚረዳው ትልቅ ስፋት፣ ከፍ ያለ እመቃና ዝቅ ያለ ማርሽ ነው። ላንድክሩዘሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር 4,164 ሲሲ ሞተር ስላለው በሦስተኛ ማርሽ ሲወርድ ካራቫኑን ከነሙሉ ጭነቱ በእርጋታ ይይዘዋል፤ ፍሬን የሚያስፈልገው በጠባብ ኩርባዎች ላይ ብቻ ነው። ዲ-ማክሱ ሁለተኛ ነው፤ በሦስተኛ ማርሽ አልፎ አልፎ መረገጥ ይፈልጋል። ባለ 2.4 ሊትሩ ሃይሉክስ ደግሞ በሦስተኛ ማርሽ ፍጥነቱ እየጨመረ ስለሚሄድ ወደ ሁለተኛ መውረድን ይጠይቃል፤ በሁለተኛ ሲሆን ሞተሩ በከፍተኛ ድምፅ ይዞራል፣ ጉዞው ይረዝማል፣ ነገር ግን ፍሬኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። አንዳንድ ሾፌር ድምፁን ፈርቶ ማርሽ ይጨምራል። ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር እስካላለፈ ድረስ ድምፁ የሚያስፈራ አይደለም፤ ማርሹም መመረጥ ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

የካራቫኑ የራሱ ፍሬን ጉዳይ ከፒካፑ ምርጫ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ሁለት ዓይነት ፍሬኖች በብዛት ይሠራሉ። አንደኛው ፒካፑ ሲይዝ ተጎታቹ ወደ ፊት በሚገፋው ግፊት ራሱን የሚይዝ ሜካኒካል ፍሬን ሲሆን፣ ሁለተኛው ጋቢና ውስጥ ካለ መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪክ የሚላክለት ነው። የመጀመሪያው ቀላልና በማንኛውም ጋራዥ የሚጠገን ነው፤ ነገር ግን በረጅም ቁልቁለት ላይ ፒካፑ በሞተር እየያዘ ሲወርድ ካራቫኑ ያለማቋረጥ ስለሚገፋ ሸራዎቹ ሳይለቁ ይቆያሉ፣ ይግላሉም። ሁለተኛውን ሾፌሩ እንደ ፈቀደ ሊያጠብቀውና ሊያላላው ይችላል፤ ካራቫኑ መወዛወዝ ሲጀምርም የፒካፑን ፍሬን ሳይነኩ የካራቫኑን ብቻ መያዝ ይቻላል። ለግቤ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ፍሬን የሌለው 1,500 ኪሎ ግራም ካራቫን በየትኛውም ፒካፕ መጎተት የለበትም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ስለ ዳገቱ ደግሞ ከፍታን ማሰብ ያስፈልጋል። ጅማ በ1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ የሚጠጋ ያንሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ የሚያጣው ጥቂት ነው። ቱርቦ የሌለው የላንድክሩዘሩ ሞተር ግን በወረቀት 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ቢኖረውም በጅማ ከፍታ ላይ የሚያወጣው ከ110 አይበልጥም፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። የጉልበት ልዩነቱ ከግቤ ወደ አበልቲ ሲወጣ በግልጽ ይታያል። የሁለተኛው ትውልድ ዲ-ማክስ ባለ 3.0 ሊትር ሞተር 177 የፈረስ ጉልበትና 380 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ስላለው በዝቅተኛ ዙር ሳይጨነቅ ይወጣል። ሃይሉክሱ 150 የፈረስ ጉልበት ቢኖረውም፣ እስከ 400 ኒውተን ሜትር የሚደርስ የመጠምዘዝ ኃይሉ ከ1,600 ዙር ጀምሮ ስለሚገኝ ከዲ-ማክሱ ብዙም ወደ ኋላ አይቀርም። ላንድክሩዘሩ ግን ከተጫኑ የጭነት መኪኖች ጋር ተሰልፎ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ይወጣል፤ እነርሱን ለመቅደም መሞከርም አይገባውም።

አሁን ስለ እያንዳንዱ መኪና በጥቂቱ። ሃይሉክሱ በአያያዝ ከሦስቱ የበለጠ ምቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ስምንተኛው ትውልድ ሻንሲው ከቀድሞው የተጠናከረ ሲሆን፣ የኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያ የተገጠመላቸው ሞዴሎች ካራቫኑ ሲወዛወዝ የየጎማውን ፍሬን ለየብቻ በመያዝ መወዛወዙን ይቀንሳሉ። ይህ በግቤ ሸለቆ የጎን ነፋስ ላይና ትልቅ ተሳቢ በሚያልፍበት ጊዜ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ካራቫን ረጅምና ቀላል ግድግዳ ያለው ነገር ስለሆነ ነፋስ ይይዘዋልና። የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ (ካምሻፍት) የሚዞረው በሰንሰለት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ባለ 2.5 እና ባለ 3.0 ሊትር ሃይሉክሶች ግን በጊዜው መለወጥ ያለበት ቀበቶ ስላላቸው፣ አሮጌውን የሚገዛ ሰው ቀበቶው መቼ እንደተለወጠ ማስረጃ ካላገኘ ወዲያውኑ ማስለወጥ አለበት። መለዋወጫ ጅማ መርካቶ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል፤ ይህ ብቻውን ብዙ ሰው ወደ ሃይሉክስ እንዲያዘነብል የሚያደርግ በቂ ምክንያት ነው። የሚያሳስበኝ የነዳጁ ጉዳይ ነው። የኢንጀክሽን ሲስተሙ እጅግ ከፍተኛ በሆነ ግፊት ስለሚሠራ ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ኢንጀክተሮቹን ይጎዳል። በበርሜል በሚሸጥ ናፍጣ ሩቅ ገጠር የሚሠራ ሰው የውሃ መለያ ያለው ተጨማሪ ማጣሪያ ቢያስገጥም ወጪው ያዋጣዋል።

ዲ-ማክሱ ሥራ ላይ የዋለ የጭነት መኪና ጠባይ አለው። ባዶውን ሲነዳ ከኋላ ይነጥራል፤ ካራቫኑ ሲያያዝበት ግን ባሌስትራው በትክክለኛው ልክ ይረግጣል፤ ጉዞውም ከባዶው ይልቅ ይለሰልሳል። የፊትና የኋላ አክስሎቹ ርቀት ከሃይሉክሱ ጋር ተቀራራቢ ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ታግሶ የመሥራት ችሎታው ለጎታች መኪና የሚፈለገው ነው። ባለ 2.5 ሊትሩን ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ከተማ ውስጥ የሚበቃው ጉልበት ከግቤ ሲወጣ ያንሰዋል። የዲ-ማክስ የአካል መለዋወጫዎች ጅማ ውስጥ እንደ ሃይሉክስ እንደልብ ስለማይገኙ ከአዲስ አበባ ማስመጣት የተለመደ ነው።

ላንድክሩዘር 79 ሌላ ዓለም ነው። የተከታታዩ አመጣጥ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሲሆን፣ ሞተሩ ናፍጣውን የሚረጨው በሜካኒካል ፓምፕ ስለሆነ ጥራቱ በተጓደለ ነዳጅ ላይ ከሁለቱ ይልቅ ታጋሽ ነው፤ ብልሽቱንም ኮምፒውተር ሳይኖር መካኒክ በጆሮውና በእጁ ያገኘዋል። የኋላ አክስሉ የመኪናውን ክብደት ከዘንጎቹ ላይ አንስቶ በራሱ ቱቦ የሚሸከም በመሆኑ ከባድ ጫናን አይፈራም። 130 ሊትር የሚይዘው የነዳጅ ታንከር ከሃይሉክሱ 80 እና ከዲ-ማክሱ 76 ሊትር ጋር ሲነጻጸር፣ ማደያ ላይ ወረፋ በሚበዛበት ጊዜ እውነተኛ እፎይታ ነው፤ ምንም እንኳ ሞተሩ ናፍጣ በብዛት የሚጠጣ ቢሆንም። ዝናብ ያራሰው ቀይ አፈር ላይ ሪዶታ (ዝቅተኛውን የአራት ጎማ ማርሽ) አስገብቶ ካራቫኑን ከጭቃ ሲያወጣ አጠገቡ የሚቆም መኪና የለም። ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው። እኛ የጎተትንበት ሞዴል የኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያ የለውም፣ ነጠላ ጋቢና በመሆኑም ቡድን አይዝም፣ በረጅም አስፋልት ላይ ሾፌሩን ያደክማል፣ ዋጋው ደግሞ አሮጌውም ቢሆን አይቀመስም።

ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ መጋጠሚያው በአግባቡ ካልተሠራ ሁሉም ከንቱ ነው። የጋንቾውን ብረት ከኋላ ፓራውልት ጋር በብየዳ ማያያዝ በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው፤ ፓራውልት ግን ለመጎተት አልተሠራም። መጋጠሚያው በሁለቱ የሻንሲ ምሰሶዎች ላይ ፋብሪካው ባዘጋጃቸው ቀዳዳዎች በኩል በጠንካራ ብሎን መታሰር አለበት፤ ኳሱ 50 ሚሊ ሜትር መሆኑና ከካራቫኑ መያዣ ጋር መግጠሙ ይረጋገጥ፤ ከሥሩም ሁለት ሰንሰለቶች በመስቀል ቅርጽ ተላልፈው ይታሰሩ፤ መያዣው ቢለቅ ምሰሶው አስፋልቱን ሳይነካ በሰንሰለቶቹ ላይ ያርፋልና። ፍሬቻና የፍሬን መብራት ከካራቫኑ ጋር መያያዙን ከመነሳት በፊት ሁለት ሰው ሆኖ ማየት ይገባል። ካራቫኑ ከፒካፑ ስለሚሰፋም ወደ ውጭ የሚረዝም ስፖኪዮ ያስፈልጋል።

ኋላው የሚሰምጥ ፒካፕ ያለው ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ባሌስትራ ማስጨመር ነው። ባሌስትራው ከፍታውን ይመልሳል እንጂ አምራቹ የወሰነውን የክብደት ጣሪያ አያሳድግም፤ አክስሉ፣ ኩሽኔታዎቹ፣ ፍሬኑና ሻንሲው ያው የቀድሞዎቹ ናቸውና። በተለይ ደብል ጋቢና ፒካፕ የጭነት ሳጥኑ ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ ከጋቢናው ጀርባ ያለው የሻንሲ ክፍል ከልክ ያለፈ ጫናና የፒስታ መንገድ ጉድጓድ ሲደራረቡበት ይታጠፋል ወይም ይሰነጠቃል።

ነዳጅን በተመለከተ ፍጥነት ከመኪናው ምርጫ የበለጠ ይወስናል። በሰዓት ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲጨመር ካራቫኑ ላይ የሚያርፈው የአየር ግፊት ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ብቻውን በአንድ ሊትር 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው ሃይሉክስ ካራቫኑን ይዞ በ80 ሲነዳ ወደ 7 ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ የሚነዳ ሰው የጎማዎቹንም ዕድሜ ያሳጥራል።

ምርጫዬ እንግዲህ ይህ ነው። ካራቫኑ ከ1,500 ኪሎ ግራም የማይበልጥ፣ የራሱ ፍሬን ያለውና ጉዞው አብዛኛው በአስፋልት ላይ፣ ማለትም ከጅማ አዲስ አበባ ወይም ከጅማ ቦንጋ ለሆነ ሰው ባለ 2.4 ሊትሩ ሃይሉክስ ይበቃዋል፤ ከዚህ በላይ መክፈል አያስፈልገውም። ካራቫኑ ወደ 2,000 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ወይም ቡድኑ አራትና አምስት ሰው የሚሆን ከሆነ ባለ 3.0 ሊትሩን ዲ-ማክስ፣ ወይም ገንዘቡ ከተገኘ ባለ 2.8 ሊትሩን ሃይሉክስ ይውሰድ። ክረምት ከበጋ ወደ ጌራ ጫካ ውስጥ ለሚገባና ከአንድ ተሳፋሪ በላይ ለማይዝ ሰው ላንድክሩዘሩን የሚተካ አላየሁም። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከሞተሩ ድምፅ በፊት ከሥር ገብቶ ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ሻንሲ በባትሪ ብርሃን ይመልከት፤ አዲስ ብየዳ፣ ተለጥፎ የተሠራ ብረት ወይም በአንድ ቦታ ብቻ የተቀባ ጥቁር ቀለም ካገኘ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ያ መኪና ለመጎተት አይሆንም።